የአመድ ብሎኬቶቹ ኮፍያ

በላብራቶሪያችን ማንም ሰው የራሱን ብሎኬት አይሰብርም። ደንብ ነው። እኔ የሠራሁትን ሌላ ሰው ይመዝነዋል፣ ሌላ ሰው ኮፍያ ያለብሰዋል፣ ሌላ ሰው መጭመቂያው ውስጥ አስገብቶ ይሰብረዋል፤ እኔ የማየው ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች አጭበርባሪ የራሱን ብሎኬት ውጤት ከፍ ያደርጋል ብለው ፈርተዋል። የሌላውን ዝቅ ማድረግ ከዚያ በብዙ እንደሚቀል አልታያቸውም።

የእኔን የምትሰብረው የአክስቴ ልጅ ናት፣ የእሷን የምሰብረው እኔ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀጭን ስለሆነች ቤት ውስጥ ጭራሮ ነው የምትባለው። እናቴ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ስትሄድ እኔን አክስቴ ዘንድ ተወችኝ፤ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ጭራሮ አራት። ከዚያ ወዲህ የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የትምህርት ክፍል። በአንድ ዓመት ስለምቀድማት ቀሚሴን ወረሰች፣ ደብተሬን ወረሰች፣ የድሮ ፈተናዎቼን ወረሰች። ወደ ላብራቶሪውም ያስገባኋት እኔ ነኝ። «ጎበዝ ልጅ ናት» ብዬ ለኃላፊው የነገርኳቸው በገዛ አፌ ነው።

ሰው ይወዳታል። ምክንያቱን አጥንቼዋለሁ፤ የረባ ምክንያት የለም። ትስቃለች፣ የባልደረባ ልጅ ታሞ እንደነበር አስታውሳ ትጠይቃለች፣ ሰው ሲያወራ አታቋርጥም። መጭመቂያውን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ ፍርስራሽ የምንላቸው፣ እኔን ለሦስት ዓመት «ኢንጂነር» ከማለት አላለፉም። እሷን በገባች በሁለተኛው ሳምንት «የኔ ልጅ» አሏት። ያኔ ግድ አልሰጠኝም። ማለቴ፣ ግድ እንዳልሰጠው ሰው ሆኜ ሻዬን ጠጣሁ።

ዘንድሮ የመጣልን ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ክሊኒክ በነበረው ቤት ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሊጨምር ፈለገ። መሠረቱ ግን ከባድ ግድግዳ አይችልም። ስለዚህ ቀላል ብሎኬት ያስፈልጋል፤ ቀላል ሆኖ ደግሞ በተሠራ በሃያ ስምንት ቀኑ ሲጨመቅ ቢያንስ ሦስት ነጥብ አምስት ሜጋፓስካል የሚሸከም። ኃላፊው እኔንና ጭራሮን ጠርተው እያንዳንዳችን የራሳችንን ቅይጥ እንድንሠራ አዘዙን። ጥንካሬውን ካለፉት መካከል ቀላሉ ይመረጣል፤ የተመረጠላት ሴት አዲስ የሚከፈተውን የብሎኬት ማምረቻ ትመራለች። ቦታው አንድ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ስመኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። በር ያለው ክፍል፣ የራሴ ሠራተኞች፣ የሰው ብሎኬት ሲሰበር አቧራውን መዋጥ የሌለበት ሥራ።

እኔ ሁለት ወር ሙሉ አሰላሁ። ሲሚንቶ፣ ፐሚስ፣ ትንሽ አሸዋ። ፐሚስ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ሰውነቱ ሁሉ ቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ነው። ብሎኬቴ አሥራ ሦስት ኪሎ ተኩል መዘነ፤ በጣም ጥሩ ነው።

ጭራሮ ከላብራቶሪው ጀርባ ወዳለው የክር ፋብሪካ ሄደች። ፋብሪካው ከማሞቂያው የሚወጣውን አመድ የሚያራግፈው በግቢው ጥግ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ የሰፈሩ የታጠበ ልብስ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ስጡኝ አለቻቸው። መገላገያ ያጡለት ነገር ነውና በመኪና ጭነው አመጡላት። በወንፊት ነፋችው፣ ከሲሚንቶው ሲሶውን አስወጥታ በአመድ ተካች፣ አሸዋውንም እንዳለ በአመድ ተካች። የእሷ ብሎኬት አሥራ አንድ ኪሎ መዘነ። በአንድ እጄ አነሳሁት።

ይባስ ብሎ አመድን እኔም አስቤው ነበር። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ በደብተሬ ኅዳግ ላይ «አመድ?» ብዬ ጽፌ አልፌዋለሁ። ያን ደብተር የወረሰችው እሷ ናት። ከዚያ አይታው ይሁን ከራሷ አፍልቃው ይሁን ጠይቄያት አላውቅም፤ ሁለቱም መልስ የሚያስደስተኝ አይደለም።

እራት ላይ አክስቴ ነገሩን ሰማች።

«እኔ የምለው፣ ያ ልብሴን ሲያጨማልቅ የኖረ አመድ ቤት ሊሠራበት ነው?»

«ክሊኒክ ነው እማዬ» አለች ጭራሮ።

«መጀመሪያ የአንሶላዬን ይካሱኝ።»

«ግድግዳው ላይ ስምሽን እንጽፍልሻለን። ‹አንሶላ በመለገስ ለተባበሩን› ብለን።»

ሳቁ። አክስቴ ዓይኗን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺስ የኔ እናት? ያንቺ ከምንድን ነው?»

«ከሲሚንቶና ከፐሚስ።»

«እሱማ የታወቀ ነው» አለችና ወጡን ጨመረችልኝ።

ክፋት የለባትም አክስቴ። ቃሏን ግን ሳምንት ሙሉ እያላመጥኩት ከረምኩ።

አሁን ስለ ኮፍያው። ብሎኬት ከፎርማው ሲወጣ ላይና ታቹ ሸካራ ነው። እንዲሁ መጭመቂያው ውስጥ ቢገባ ጫናው ከፍ ባለችው ጫፍ ላይ ብቻ ያርፍና ያለ ጊዜው ይሰበራል። ስለዚህ ጂፕሰም፣ ማለትም ጀሶ፣ ይበጠበጥና ዘይት በተቀባ መስተዋት ላይ ይፈስሳል፤ ብሎኬቱ በላዩ ይቀመጣል፣ በውሃ ልክ ቀጥ ይደረጋል። ሲደርቅ ይገለበጥና ሌላው ፊቱም እንዲሁ ይደረጋል። ኮፍያ የምንለው ይህን ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል። የእኛ መጭመቂያ ደግሞ አርጅቷል፤ የላይኛው ሳህኑ እንደ ድሮው ዘንበል ብሎ የብሎኬቱን ፊት አይከተልም። ኮፍያው ከተዛነፈ የሚያርመው የለም። በዚህ ሥራ የእኔን እጅ የሚያህል በላብራቶሪው አልነበረም። ከሌላ ቦታ ሳይቀር መጥተው የሚያሠሩኝ ነበሩ።

መስተዋቱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አስገባለሁ፣ ከዚያ መስተዋቱን በውሃ ልክ እለካለሁ፤ ሁልጊዜ። በሃያ ስምንተኛው ቀን ጠዋት የጭራሮን ሦስት ብሎኬቶች ከፊቴ ደርድሬ ጂፕሰሙን በጠበጥኩ። ካርቶኑ ከእግሩ ሥር ወጥቶ ግድግዳው ዘንድ ወድቋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ገፍቶት ይሆናል። አየሁት። ጎንበስ ብዬ አላነሳሁትም።

ያደረግሁት ይኸው ነው። ብሎኬቱን ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ከሥሩ ያለው መስተዋት ግን ዘንበል ብሎ ስለነበር ኮፍያው በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ሳስቶ ደረቀ። የሌላ ሰው ዓይን አይለየውም። የእኔ ይለየዋል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፍርስራሽ መጭመቂያውን አስነሱ። የጫና መለኪያው መርፌ ወጣ፣ ወጣ፣ ሁለት መቶ ስምንት ኪሎ ኒውተን ላይ ጧ አለና ወረደ።

«ይቺ ቶሎ እጅ ሰጠች» አሉ።

ሁለት ነጥብ ስድስት ሜጋፓስካል ማለት ነው። ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሦስተኛው ሁለት ነጥብ አራት። ጻፍኩ። ደስ አለኝ። መዋሸት አያስፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ። ወደ ቤት ስሄድ አንድ ፌርማታ በእግሬ ሄድኩ።

በማግስቱ የእኔ ብሎኬቶች ውጤት መጣ። ጭራሮ ነበረች ኮፍያ ያለበሰቻቸውና የሰበረቻቸው። አራት ነጥብ ሦስት፣ አራት ነጥብ አራት፣ አራት ነጥብ አራት። ቀደም ባሉት ሙከራዎች አራትን አልፈውልኝ አያውቁም። ሦስት ብሎኬት እንዲህ ተቀራራቢ ቁጥር የሚሰጠው ኮፍያው እንከን የሌለበት ሲሆን ነው፤ ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ የእኔን ብሎኬት ስታስተካክል ውላለች ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ምን ተሰማኝ? ምስጋና አይደለም። እጇ መቼ ይህን ያህል ደረሰ ብዬ ቀናሁ።

በደንቡ መሠረት ከእያንዳንዱ ቅይጥ ስድስት ብሎኬት ይሠራል። ሦስቱ ይሰበራሉ፤ ሦስቱ ውጤቱ ላልተዋጠለት ሰው ለአንድ ሳምንት ይቀመጣሉ። ውጤት አይዋጥልኝም የሚል ግን እስከ ዛሬ አልነበረም፤ የባልደረባን ሥራ መጠራጠር ነውና ሰው ያፍራል። ጭራሮም ታፍራለች ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስብርባሪ በምንጥልበት ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ፀጉሯ አመድ ለብሷል። አመድ እንኳ ያምርባታል።

«እቴ፣ ነይ ይቺን እዪ።»

«ሥራ አለኝ።»

«አንድ ደቂቃ።»

የተሰበረ ብሎኬቷን ቁርጥራጭ ገጣጥማ መሬት ላይ አቁማዋለች። «ብሎኬት በደንብ ከተሰበረ ወገቡ ይቀጥናል ብለሽ አልነበር ያስተማርሽኝ? ይቺን እዪያት፣ እንደ ዳቦ ከጠርዟ ተቆርሳለች። ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚሁ ናቸው። በአንድ በኩል።»

«አመድ ነዋ። አመድ እንዴት እንደሚሰበር በምን እናውቃለን።»

«ይሁን። ይህስ?» ከጋውኗ ኪስ የጂፕሰም ቅርፊት አወጣች። አንደኛው ጫፍ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ሌላው የእርሳስ ውፍረት አለው። መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «አመድ ኮፍያ አያወፍርም።»

ቅርፊቱን መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። እሷ ቀስ ብላ «ደክሞሽ ነበር?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነበር።»

«እሺ። የቀሩትን ሦስት እንደገና ትሠሪያቸዋለሽ። ማመልከቻውን ጠዋት ለኃላፊው ሰጥቻለሁ፤ በሰባተኛው ቀን እሳቸው ባሉበት ይሰበራሉ።»

ሳትነግረኝ። አላፈረችም። «ሌላ ሰው ይሥራውና» አልኳት።

«ሌላ ሰው አልፈልግም። ካንቺ የተሻለ ማን አለ?»

ይህን ስትል ዓይኗን አልሰበረችም። አምናኝ ይሁን አስፈራርታኝ ይሁን መለየት አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልለየሁም።

ወሬው በሻይ ሰዓት ደረሰ። ጋሼ ፍርስራሽ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኢንጂነር፣ እጅሽን ምን ነካው? ኮፍያሽ እኮ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተጋድሟል አሉ» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሳትቀር፣ ኮፍያ ምን እንደሆነ የማታውቀው።

ማጭበርበሬን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሰማኝ እንደነበር አላውቅም። እጅሽ ተበላሸ ሲሉኝ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

በሰባተኛው ቀን ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የጭራሮ ሦስት ብሎኬቶች መደርደሪያው ላይ ናቸው። እንደገና ማዛነፍ እችል ነበር፤ ትንሽ ብቻ፣ ሦስት ነጥብ ሦስት ላይ እንዲቀሩ። ማንም ቅርፊት አይለቅምም፤ ሁለት ጊዜ የወደቀን ብሎኬት ማን ይከራከርለታል? ይህን ሁሉ ካርቶኑን ሦስት ቦታ እያጠፍኩ አሰብኩት። ከዚያ ከእግሩ ሥር አስገባሁት፤ መስተዋቱን በርዝመቱ ለካሁ፣ በወርዱ ለካሁ። ጂፕሰሙን ሁለት ጊዜ ደፍቼ እንደገና በጠበጥኩ። ደግነት አልነበረም። ሰካራም ባርኔጣ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ያን ቀን ያለበስኳቸው ኮፍያዎች በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጣሉ፤ ሊሰበሩ መሆናቸው አሳዘነኝ።

ኃላፊው አራት ሰዓት ላይ መጡ። ጭራሮ በሩ ዘንድ እጆቿን ጋውኗ ኪስ ከትታ ቆመች። ጋሼ ፍርስራሽ የመጀመሪያውን አስገቡ። መርፌው ሁለት መቶን አለፈ። ሦስት መቶን አለፈ። ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ላይ ድብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለተኛው ሦስት መቶ ስድሳ ስምንት፣ ሦስተኛው ሦስት መቶ ስድሳ። ሦስቱም ወገባቸው ቀጥኖ፣ ልክ መጽሐፍ ላይ እንደተሳለው ተሰበሩ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ፤ አነበብኩ። በአማካይ አራት ነጥብ አምስት። ከእኔም ይበልጣል።

«ባለፈው ሁለት ነጥብ ስድስት፣ ዛሬ አራት ነጥብ አምስት» አሉ ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። «ምን ማለት ነው?»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አመድ ያለበት ብሎኬት ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው ይባላል። አይደለም?»

«ይባላል» አልኩ። እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

«እንግዲያው ሃያ ስምንት ቀን አይበቃውም ማለት ነው።» ወንበር ስበው ተቀመጡና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «የሚያሳዝን ነው። ጥሩ ብሎኬት ነበር። ግን ክሊኒኩ ሃያ ስምንት ቀን ብሏል፣ ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ያንቺ ይሁን እንግዲህ።»

ያንቺ ያሉት እኔን ነው። ጭራሮን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። ጋሼ ፍርስራሽ ወለሉን ያያሉ። ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ካርቶኑን አለማንሳት እንደነበረው ያለ ዝምታ። እና ዝም አልኩ። በሩን አየሁት፣ የራሴን ክፍል በር።

ኃላፊው የሚጽፉትን እያነበቡ ነው የሚጽፉት። «የአመድ ብሎኬቱ ጥንካሬ… ከሃያ ስምንተኛው ቀን በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ… ሰባ በመቶ ጨምሯል። እዚህ ላይ ፈርሚ።»

ሰባ በመቶ። በሰባት ቀን። ከሥሩ የእኔ ስም።

«ይህ ሊሆን አይችልም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሰባት ቀን ይህን አያደርግም። ቢጨምር አምስት በመቶ ነው፣ በጣም ቢበዛ አሥር። ይህን ያየ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይስቅብናል። አልፈርምም።»

«አሁን ይዘገያል አላልሽም?»

«ይዘገያል። ግን በሃያ ስምንት ቀኑም አራት አካባቢ ነበር። ሦስት ነጥብ አምስትን በደንብ ያልፋል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ወደቀ?»

«ኮፍያው ተዛንፎ ነበር።»

«ማን ነበር ያለበሰው?» ያውቃሉ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

«እኔ።»

«ሳታውቂ?»

መውጫውን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ደክሞኝ ነበር ማለት ይበቃ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብዬዋለሁና ለሁለተኛ ጊዜ አይከብድም። ግን ያኔ ይህ እጅ ሳያውቅ ይስታል ተብሎ ይጻፋል።

«አውቄ» አልኩ።

ጋሼ ፍርስራሽ መጭመቂያውን አጠፉት። ኃላፊው ብዕራቸውን ከደኑ፣ እንደገና ከፈቱ፣ የጻፉትን በረጅም መስመር ሰረዙት። ጭራሮ ከበሩ ዘንድ ጠፍታለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንደኛው የማምረቻው ኃላፊነት ለእሷ መሰጠቱን ይናገራል። ሁለተኛው እኔ ለአንድ ዓመት ከፍተሻ ታግጄ ናሙና ተቀባይ እንድሆን ያዛል። የመጣውን ብሎኬት ቁጥር እየሰጠሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አልነካውም።

ወደ ቤት የምንሄደው በአንድ አውቶቡስ ነው። እንደ ወትሮው አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

«ደክሞኛል ስትዪኝ አምኜሽ ነበር» አለች፣ መስኮቱን እያየች።

«አላመንሽኝም። ማመልከቻ አስገብተሻል።»

«ብሎኬቴን ነው ያላመንኩት። አንቺንማ አምኜሽ ነበር።»

ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

«ማምረቻው ሲከፈት» አለች፣ «ከላብራቶሪው ላስዛውርሽ አስቤ ነበር። ፍተሻውን እንድትመሪልኝ። ሳንወዳደር በፊት ነው ያሰብኩት፤ ያንቺ ቢመረጥም አንቺ እንደምትወስጂኝ አልተጠራጠርኩም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተውኩት።»

እኔ እሷን ልወስዳት ለአንድ ደቂቃም አስቤ እንደማላውቅ አልነገርኳትም።

ቤታችን ሊደርስ አንድ ፌርማታ ሲቀረው ተነሳች። «እኔ እዚህ እወርዳለሁ። በእግሬ ልሂድ።» ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አብረን ስንሄድ ከእኔ ቀድማ ወርዳ አታውቅም።

አውቶቡሱ መብራት ይዞት ቆመ። በመስኮቱ አየኋት። መንገዱን ስትሻገር የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴት ከወዲያ መጣችና መንገድ ጠየቀቻት መሰለኝ። ጭራሮ በእጇ አሳየቻት፣ አንድ ነገር ጨመረችላት፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ላይ ያላየሁት ሳቅ ነበር። አረንጓዴው በራ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ዘንቢል የያዘችው ሴት ላይ ቀናሁ።